የመኪናችሁ ሂተር አልሞቅ ቢል ለጋዝ እንዳትከፍሉ

ደሴና አካባቢዋ መኪና የምትነዱ ወገኖቼ፣ ይቺን ሳታነቡ ጋራዥ እንዳትገቡ። ብርዱ ሲመጣ የሂተር ሥራ ይደራል። ማጭበርበሩም አብሮ ይደራል። አጎቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

አጎቴ ከደሴ ወረኢሉ የሚመላለስባት አሮጌ ኮሮላ አለችው። የጉጉፍቱን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ በማለዳ ያለ ሂተር አይሞከርም። የፊት መስታወቱ በላበት ይሸፈንና መንገዱ ይጠፋል። ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር መንፋት ሲጀምር አንድ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «አብሽሩ ጋሼ፣ ጋዝ አልቆ ነው» አለው። ጋዝ ተሞላ፣ ተከፈለ። ሂተሩ ያው። ተመልሶ ሲሄድ «እንግዲያው ቴርሞስታቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ለኛ አገር አያስፈልግም» ብለው ነቀሉት። ይባስ ብሎ የነበረችው ትንሽ ሙቀትም ጠፋች። በመጨረሻ «የሂተሩ ራዲያተር ተሠርቷል» ተብሎ ዳጎስ ያለ ብር ተቀበሉት።

ኋላ ሌላ ባለሙያ ኮፈኑን ከፍቶ አሳየን። ከሞተሩ ተነስተው ወደ መኪናው ውስጥ መግባት የነበረባቸው ሁለት የጎማ ቱቦዎች ተነቅለዋል። ጫፍና ጫፋቸው በአንዲት የቤት ውሃ ቧንቧ ቁራጭ ተቀጥሎ በሽቦ ታስሯል። የቧንቧዋ ጥርስ ጎማውን መብላት ጀምሯል፤ በዳር በዳሩ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ያንጠባጥባል። ተሠራ የተባለው ይኸው ነው። ሙቁ ውሃ ሂተሩ ዘንድ ሳይደርስ ዞሮ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

ይህን ማጭበርበር የምትከላከሉት አሠራሩን ስታውቁ ነው። ከባድም አይደለም። ሞተር ሲሠራ ይግላል። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚዞረው ኩላንቱ፣ ማለትም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ከሱ ከፊሉ በሁለቱ ቱቦዎች አድርጎ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል። ፋኑ በሷ ውስጥ አየር ይነፋል፣ አየሩ ሞቆ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። በቃ። ጋዝ የሚባለው የኤሲ ነው፤ ሥራው ማቀዝቀዝ ነው። እርግጥ ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ ከሂተር ጋር አብሮ ሲከፈት የመስታወቱን ላበት ቶሎ ያነሳል። ሂተሩን የሚያሞቀው ግን እሱ አይደለም። በነዳጅ በሚሠሩት የተለመዱ መኪኖቻችን ላይ «ሂተሩ ያልሞቀው ጋዝ አልቆ ነው» ያላችሁ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ እያወቀ እየዋሻችሁ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ የቴርሞስታቱ ነገር ነው። በየጋራዡ ነቅሎ መጣል ልማድ ሆኗል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ትልቁ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይይዛል። ብዙዎቹ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ይከፈታሉ። ሲነቀል ኩላንቱ ገና ከጅምሩ ትልቁ ራዲያተር ውስጥ ይቀዘቅዛል። ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት አያገኝም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ራሱም ቶሎ ያረጃል። ሂተሩም ለብ ብሎ ይቀራል። ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሞተሩ ስለማይጨነቅ ጭራሽ ይበርዳችኋል። የተበላሸ ቴርሞስታት በአዲስ ይቀየራል እንጂ ቦታው ባዶ አይተውም።

ቱቦዎቹን ማገናኘት ሁልጊዜ ወንጀል ነው አልልም። ትንሹ ራዲያተር መንገድ ላይ ቢፈስ ቤት ለመድረስ ሊደረግ ይችላል። ግን ለባለቤቱ ተነግሮ ነው። «ጠግኜዋለሁ» ብሎ ብር መቀበል ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ የሙቀት ጌጁ መሃል አካባቢ ይድረስ። ሂተሩን እስከ መጨረሻ ክፈቱት። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በጨርቅ ወይም በጥንቃቄ በእጅ ንኩ። ሁለቱም ትኩስ ሆነው አየሩ ከቀዘቀዘ ችግሩ ከውስጥ ነው፤ አየሩን የምትመራው ክዳን ወይም ኬብሏ ናት። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች፣ ወይም ውሃውን የሚከፍተው ቫልቭ ተዘግቷል። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ኩላንት ጎድሏል፣ አየር ገብቶበታል፣ ወይም ጌጁም መሃል መድረስ ካቃተው ቴርሞስታቱ ሳይዘጋ ቀርቷል። በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ ከራሰ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለ፣ መስታወቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ከታየ ትንሿ ራዲያተር እየፈሰሰች ነው። አደራ፣ ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

ክዳኑም ቀላል ዕቃ አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ኩላንቱ ቶሎ እንዳይፈላ ግፊቱን የሚይዘው ያ ክዳን ነው። ጎማው ካረጀ ቀይሩት። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ። ዝገትና ደለል ያመጣል፤ መጀመሪያ የሚደፈኑት ደግሞ የትንሿ ራዲያተር ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። የአጎቴም ችግር ከመጀመሪያው ይኸው ነበር። ትንሿ ራዲያተር ታጥባ፣ ቱቦዎቹ ተመልሰውላት፣ ቴርሞስታት ተገጥሞ፣ ኩላንት ሲሞላ ሂተሩ ሠራ።

የተነቀለውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። ደረሰኝ ላይ የተሠራው ሥራ በዝርዝር ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ለማስረዳት ይቸገራል። አጎቴ ለጋዙ የከፈለበት ደረሰኝ የለውም። ብሩም አልተመለሰለትም። ጋራዡ ግን ዛሬም ክፍት ነው።