ሜዱሳ ወይስ ፔጋሰስ? የመጀመሪያ የግሪክ ሳንቲም ለምትገዙ

"የአፈ ታሪክ ፍጡር ያለበት ጥንታዊ የግሪክ ሳንቲም ፈልጌ ነበር፤ ግን ብዙ እንዳያስወጣኝ።" ጓደኞቼ ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ፔጋሰስን ግዙ። ክንፋሙን ፈረስ።

ብዙ ሰው ግን በዋጋዋ ተስቦ ሜዱሳን፣ ፀጉሯ እባብ የሆነችውን ጭራቅ፣ ይገዛል። በማርማራ ባሕር ዳር የነበረችው የግሪኮች ከተማ ፓሪዮን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የመታችው ትንሽ የብር ሳንቲም ነው። በአንድ ፊቱ ምላሷን ያወጣች ሜዱሳ፣ በሌላው ዞሮ ወደ ኋላ የሚያይ በሬ አለበት። እኔ ሳየው ከ80 እስከ 150 ዶላር ይሸጣል። የቆሮንቶስ ፔጋሰስ ግን ያለቀው እንኳ 300 አካባቢ ነው። ጥሩው ከ600 ያልፋል።

የእኔም የመጀመሪያ ግዢ ሜዱሳ ነበረች፤ በ90 ዶላር። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሻጭ ዘንድ ያችኑ ሜዱሳ አየኋት። ጠርዟ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር አንድ ነው። እነዚህ ሳንቲሞች አንድ በአንድ በመዶሻ የተመቱ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ እኩል ሊሰነጠቁ አይችሉም። በማጉያ መነጽር ሳያት ጠርዟ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር አለ፣ ላይዋም በአረፋ ቀዳዳ ተበሳስቷል። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ቅጂ ነው። የመመለሻው 30 ቀን አልፎ ነበር። 90 ዶላሬን ውሃ በላው።

ፔጋሰስም ይቀዳል። በጥንት ዘመን እንኳ ውስጡን መዳብ አድርገው በብር የሚለብጡ ነበሩ። ግን ስታተሩ፣ ማለትም ይህ የፔጋሰስ የብር ሳንቲም፣ 8.5 ግራም ገደማ ነው፤ በ15 ዶላር ሚዛን ጉድለቱ ቶሎ ይታያል። የፓሪዮኑ 2.4 ግራም ገደማ ስለሆነ ትንሽ ቢጎድል በማለቅ ነው ወይስ በቅጂ፣ መለየት ይከብዳል።

ታሪኩም ፔጋሰስ ላይ ይጣፍጣል። ፈረሱ የተወለደው ከተቆረጠው የሜዱሳ አንገት ነው። ጀግናው ቤለሮፎን ቆሮንቶስ ውስጥ ፔይሬኔ ምንጭ ላይ ሲይዘው ልጓሙን የሰጠችው አምላኳ አቴና ናት። የሳንቲሙን ጀርባ ስትገለብጡ እሷው የራስ ቁር ደፍታ ታገኟታላችሁ።

የአብዴራ ከተማ ግሪፈን፣ የንስር ራስና ክንፍ ያለው አንበሳ፣ ውብ ነው፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ አይሆንም።

ዋጋው ለከበዳችሁ መላ አለ። ሌውካስና አምብራኪያ የቆሮንቶስ ቅኝ ከተሞች ነበሩ። ያንኑ ፈረስ በዚያው ክብደት መትተዋል፤ በዋናነት የሚለየው የከተማው ፊደል ነው። ብዙ ጊዜ ረከስ ይላሉ። በጨረታ ስትገዙ ደግሞ ኮሚሽኑን አትርሱ። በ250 ያሸነፋችሁት 20 በመቶ ሲጨመርበት 300 ነው፤ መላኪያው ገና ነው። ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት የሌለውንም ተዉት፤ ግሪክና ቱርክ ቅርሳቸው ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ በሕግ ከልክለዋል።

እኔ አሁን የያዝኩት የሌውካስን ነው። ክንፉ ትንሽ አልቋል። 8.4 ግራም ይመዝናል፤ ከነመላኪያው 290 ዶላር ወጣብኝ።