ለሚ ኩራ ወይስ አቃቂ ቃሊቲ፦ ከከተማው ዳር ለሚሰፍር ሰው

በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት የሚፈልግ ሰው ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ክፍለ ከተማውንም ቢያጠና መልካም ነው፤ መታወቂያ የሚያወጣውም፣ ልጁን የሚያስመዘግበውም በሚሰፍርበት ወረዳ ነውና።

ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተመሠረተ፣ አስራ አንደኛውና አዲሱ ክፍለ ከተማ ነው። አያትን፣ ሰሚትንና ቦሌ አራብሳን ያቅፋል። ከጦር ኃይሎች የሚነሣው ቀላል ባቡር አያት ላይ ስለሚያበቃ፣ የአራብሳ ነዋሪ ከዚያ በኋላ ታክሲ መያዝ ግድ ይሆንበታል፤ ማለዳ ረዳቶቹ «አያት! አያት!» እያሉ ሲጣሩ የሚሰለፈው ሕዝብ ብዛት የሰፈሩን እድገት በግልጽ ያሳያል።

አቃቂ ቃሊቲ ግን የቆየ የፋብሪካ ሰፈር ነው። የድሬዳዋው የድሮ ባቡር በአቃቂ ያልፍ ነበር፤ ዛሬም የከተማዋ የመጠጥ ውኃ አንድ ክፍል ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ይቀዳል። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት እዚሁ ሲሆን፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል። ሌላው የቀላል ባቡር መስመር ቃሊቲ ላይ ስለሚያበቃ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪም ከአራብሳው አይሻልም። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ የአቃቂን ወንዝ መበከሉ ደግሞ በእጅጉ ያሳዝናል፤ ወንዙ አጠገብ ቤት የሚያይ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያጤነው ይገባል።

ሆስፒታል አዘውትሮ ለሚመላለስ ወይም ሥራው በአዳማ መስመር ለሆነ ቤተሰብ አቃቂ ቃሊቲን እመርጣለሁ፤ ሥራው በመገናኛ አቅጣጫ ለሆነ ግን ለሚ ኩራ ይቀርበዋል።