በስሪዲ ፕሪንተር የተሠራው የእናቴ የእግር ድጋፍ

አንኮበርን በመሰለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት አገር እግር ሲደክም ከቤት መውጣት ራሱ ፈተና ይሆናል። እናቴ ከስትሮክ በኋላ ቀኝ እግሯን ስታነሣ ጣቶቿ ወደ ታች ስለሚንጠለጠሉ መንገዱ ሁሉ ያደናቅፋት ነበርና ሐኪሟ ቁርጭምጭሚቷን ደግፎ የሚይዝ ድጋፍ አዘዘላት። የእግርን ቅርጽ በሚያነብ ስሪዲ ስካነርና ያንኑ ቅርጽ በፕላስቲክ በሚያትም ስሪዲ ፕሪንተር ድጋፉን የሚሠራ ቤት በአዲስ አበባ አገኘን።

በነባሩ አሠራር እግሩ በጀሶ ይጠቀለላል፤ ከደረቀው ጀሶ የእግሩ አምሳያ ይወጣና በሙቀት የለሰለሰ ፕላስቲክ ይለበጥበታል። ይህ አሠራር ዛሬም የሚናቅ አይደለም። እዚህ ግን ስካነሩን በእግሯ ዙሪያ ማዞሩ ደቂቃዎች ብቻ ፈጀ፤ ሕትመቱ ነው ሰዓታት የሚወስደው።

እኔን ያረካኝ ከመሣሪያው ይልቅ የባለሙያዋ እጅ ነው። ስካነር የሚያየው ቆዳን እንጂ ከሥሩ ያለውን አጥንት ስላልሆነ፣ አስቀድማ የቁርጭምጭሚቷን ጉብታዎችና የእግሯን የውጭ ጠርዝ በጣቷ እየዳሰሰች በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች፤ በኮምፒውተሩም ላይ በእነዚህ ቦታዎች ክፍተት ጨመረች። ስካን ሲደረግ ደግሞ ረዳቷ የእናቴን የእግር መዳፍ ከቅልጥሟ ጋር በ90 ዲግሪ ደግፎ ያዘላት፤ እንደተንጠለጠለ ቢነሣ ኖሮ ድጋፉም ያንኑ ጉድለት ይዞ ይታተም ነበር።

«እማማ፣ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣሉ?» ብላ መጠየቋ መጀመሪያ ለወግ መስሎኝ ነበር። ለካ ፒኤልኤ የሚባለው ርካሽ ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚለሰልስ፣ እሳት ዳር ለምትውል ሴት ናይለን ይሻላል ማለቷ ነው። ዋጋው ጨምሯል፤ ቢሆንም ተገቢ ጭማሪ ነው።

ቅር ያሰኘኝ ክትትሉ ነው። የድጋፉ የላይኛው ጠርዝ ባቷን ማቅላት ሲጀምር፣ ያንን ትንሽ ጠርዝ ለማስሞረድ ከደብረ ብርሃን ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን የአዲስ አበባ መንገድ የታመመች እናት ይዞ እንደገና መሄድ ግድ ሆነ። የስካን ፋይል በኢንተርኔት ይላካል፤ ልኬቱንና ማስተካከያውን ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራ አንድ የሠለጠነ ሰው ቢመደብ የሰሜን ሸዋ ሕመምተኛ ይህን ያህል ባልተንገላታ ነበር።

ለማሠራት የምታስቡ፣ ድጋፉ ጫማ ውስጥ ቦታ ስለሚይዝ ሰፋ ያለ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ከወለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላም የማይጠፋ ቅላት ካያችሁ ደግሞ ቆዳው ሳይቆስል ለባለሙያው አሳዩ፤ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ ላይሰማው ስለሚችል ቤተሰብ በየቀኑ እግሩን ሊያይለት ይገባል።