ጭረቱ ከሸክላው ነው ወይስ ከፕሪአምፑ?

ደሴ ቤቴ አንድ የድሮ የአምባሰል ሸክላ አለኝ። በሁለት ፎኖ ፕሪአምፕ (ከሸክላ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ) ሰማሁት። ማጫወቻው ውስጥ አብሮ በተሠራው፣ ‘ጧ’ የሚለው ጭረት መሰንቆውን ይሸፍነዋል። ለብቻው በገዛሁት ግን ያው ጭረት አጭር ነው፤ ብዙም አይረብሽም። አቧራውን እንኳ አልጠረግኩትም (በደሴ ንፋስ ተጠርጎስ ምን ሊሆን!)።

ምክንያቱ ምንድነው? ከካርትሪጁ (መርፌውን ከያዘው ክፍል) የሚወጣው ሲግናል 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ጭረት ግን ድንገተኛ ምት ስለሆነ ከዚያ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። ፕሪአምፑ ካልቻለው ምቱ ጫፉ ይቆረጣል፤ ጆሮ ላይም ይረዝማል። የገመዱና የፕሪአምፑ ካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅም) ሲበዛ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ይጎላል፤ ፍጭርጭሩም አብሮ። የፕሪአምፑ መግቢያ ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ግን በሁለቱም ያው 47 ኪሎ ኦም ነው፤ ልዩነቱ ከእሱ አይደለም።

እኔ ለብቻው ያለውን መርጫለሁ፤ የገመዱ መብዛት ግን ያናድዳል። ሽው የሚለው የሸክላው የራሱ ድምፅ በሁለቱም አልጠፋም።