የቀድሞ ባለቤቶቿ አሻራ ያልጠፋባት አን-2

በምሥራቃዊ ጀርመን ከሚገኝ አንድ አነስተኛ የሣር አየር ማረፊያ ተነሥቶ 20 ደቂቃ የሚቆየውን የአን-2 መዝናኛ በረራ ባለፈው ክረምት ሞክሬዋለሁ። የከፈልኩት 80 ዩሮ ለበረራው ብቻ ከሆነ ውድ ነው፤ ይህች ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በእነማን እጅ እንዳለፈች ለሚያውቅ ሰው ግን ገንዘቡ አያስቆጭም።

አን-2 በሶቪየቱ የአውሮፕላን ነዳፊ በኦሌግ አንቶኖቭ የንድፍ ቢሮ ተሠርታ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1947 ነው። የጄት ዘመን በጠባበት ወቅት ሁለት ክንፍ ደራርቦ ብቅ ማለት ወደኋላ መመለስ ቢመስልም፣ በአጭር ሜዳ ተነሥታ በአጭር ሜዳ ማረፍ በመቻሏ ለእርሻና ለገጠር አገልግሎት ተፈላጊ ሆነች። በአጠቃላይ ከተመረቱት ከ18,000 በላይ አውሮፕላኖች መካከል እኔ የተሳፈርኩባትን ጨምሮ አብዛኞቹ የተሠሩት በፖላንድ፣ በሚዬሌትስ ከተማ ነው። 1,000 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 9 ሲሊንደር ሞተሯ ደግሞ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ሶቪየቶች በፈቃድ ካመረቱት ከአሜሪካው ራይት ሳይክሎን ሞተር ነው፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር እንዳልነበረ እገምታለሁ።

የዚህችኛዋ የመጀመሪያ ባለቤት የምሥራቅ ጀርመኑ አየር መንገድ ኢንተርፍሉግ ሲሆን፣ ሥራዋም በኅብረት እርሻዎች ላይ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መርጨት ነበር። ቀጥሎ ወጣቶችን የፓራሹት ዝላይ ያሠለጥን ለነበረው የመንግሥት የስፖርትና ቴክኒክ ማኅበር ተላለፈች፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ማኅበሩም አገሪቱም ሲፈርሱ ለግለሰብ ተሸጠች፤ አሁን ያለችው በአንድ የአድናቂዎች ክበብ እጅ ነው። ጅራቷ አጠገብ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ፣ ከዛሬው የጀርመን የአውሮፕላን ምዝገባ መለያ ሥር፣ ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. እስከ 1981 የተጠቀመችበት «ዲኤም» የሚል ጽሑፍ ደብዝዞ ይታያል። ጣቴን አሳርፌበት ትንሽ ቆየሁ።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት አንድ መካኒክ ፕሮፔለሩን በእጁ ያሽከረክራል፤ በታችኞቹ ሲሊንደሮች የተጠራቀመ ዘይት ካለ በዚሁ ይታወቃል፤ ሳይታወቅ ቢነሣ ሞተሩን ሊሰብር ይችላል። አውሮፕላኗ መሬት ላይ ስትቆም ጅራቷ ዝቅ ስለሚል ወደ ፊት መቀመጫዎች የሚኬደው ዳገት እየወጡ ነው። ከተነሣን በኋላ አብራሪው ፍጥነቱን ሲቀንስ ከላይኛው ክንፍ ፊት ያሉት ቀጫጭን ተንቀሳቃሽ ክንፎች በራሳቸው ጊዜ ጓ ብለው ተከፈቱ፤ እርሻው ከሥራችን የቆመ እስኪመስል ድረስ በዝግታ በረርን። ድምፁ ከባድ ስለሆነ የሚሰጡትን የጆሮ መድፈኛ አይናቁ።

ቅሬታዬ መስተንግዶውን ይመለከታል። ጥላ በሌለበት ሜዳ ከቀጠሮዬ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቼ የተሳፈርኩ ሲሆን፣ ለመዘግየቱም ምክንያት የነገረኝ የለም። ከዚህ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ስለ አውሮፕላኗ የተሰጠው ገለጻ ከሁለት ደቂቃ አለመብለጡ ነው። ባለቤቶቿ በየተራ የሞሉት አሮጌ የበረራ መዝገብ በቡና መጠጫው ክፍል በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ ያገኘሁት ከበረራው በኋላ፣ ውኃ ፍለጋ ስገባ ነው። ተሳፋሪው ሲጠብቅ በሚቆይባቸው ሰዓታት ያ መዝገብ ወጥቶ ቢታይ፣ መጠበቁ ራሱ የጉብኝቱ አካል ይሆን ነበር።