ባለ አራት አንቴናውን ወይስ ውዱን? ስለ ራውተር ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ጥገና ቤት ያሉት ጋሼ ራውተሩን ገልብጠው ብሎኖቹን ፈቱና ክዳኑን አነሱ። ምንም ሳይሉ ወደኔ አዞሩት። ከአራቱ አንቴናዎች ከሁለቱ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ከሌሎቹ ሁለቱ የወጣ ነገር የለም። በሙጫ ተለጥፈው ቆመዋል።

«እነዚህ ለጌጥ ናቸው ልጄ» አሉኝ።

ለዚያ ጌጥ 4,900 ብር ከፍያለሁ። ካርቶኑ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ስም ተጽፏል፣ ፕላስቲኩ አልተቀደደም፣ ባለሱቁም «ኦርጅናል ነው፣ ለራሴ ቤት የወሰድኩት ይሄን ነው» ብሎ ምሎልኛል። ስመልስለት «ሲበራ አይተህ አይደል የወሰድከው?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሲበራ አይቻለሁ። መብራቱስ መች አስቸገረ።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ስለ ራውተር የሚጠይቁት እኔን ነው። የተሸወደ ሰው ባለሙያ ይመስላል መሰለኝ። በዚህ ወር ብቻ አምስት ሰው ስለደወለልኝ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር። ቤታችሁ ፋይበር ከገባ፣ የምትኖሩትም እንደኔ ኮንዶሚኒየም ከሆነ፣ ኦርጅናል ቲፒ ሊንክ አርቸር ሲ6 ወይም በሱ ደረጃ ያለ ሁለት ባንድ (በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም ሞገድ የሚሠራ) ራውተር ግዙ። ገንዘቡ ካልበቃችሁ ያገለገለ ኦርጅናል ግዙ። እሱም ካልተገኘ ያላችሁን ይዛችሁ ቆዩ። አዲስ ኮፒ ግን አትግዙ።

መጀመሪያ ግን ቤታችሁ የሚገባው መስመር ምን እንደሆነ እዩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሲ6 ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ የስልክ ገመዱን የሚሰካበት ቀዳዳ አጣ። የሱ መስመር የድሮው የመዳብ ሽቦ ነው። ሲ6 ላይ የስልክ ገመድ መግቢያ የለም። ለመዳብ መስመር ኤዲኤስኤል ወይም ቪዲኤስኤል የሚል ሞደም ያስፈልጋል። ልጁ ሞደም ስለነበረው ሲ6ን በኔትወርክ ኬብል ከኋላው አስገብተንለት ተረፈ። የመዳብ መስመር ያላችሁ ሰዎች፣ ክረምት ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም የስልኩን ገመድ ከሞደሙ ንቀሉት። መብረቅ ሞደም የሚገድለው በመብራት መስመር ብቻ አይደለም፣ በስልኩም ይገባል።

ፋይበር ከሆነ ደግሞ መስመሩ ሲገባ የተተከለላችሁ ሳጥን አለ። ፋይበሩ የሚገባው እሱ ላይ ብቻ ነው። ከሱቅ የምትገዙት ተራ ራውተር እሱን አይተካውም፣ ከኋላው ነው የሚሰካው። ስለዚህ «የቴሌውን አውጥቼ ይሄን ልሰካ ነው» የምትሉኝ ሰዎች ተረጋጉ። ሳጥኑ ራሱ ዋይፋይ ያሰራጫል፣ ለብዙ ቤት ይበቃል። መኝታ ቤት ካልደረሰ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የግድግዳው ነው። መጀመሪያ ሳጥኑ ከቴሌቪዥን ጀርባ ተወሽቆ እንደሆነ እዩ። እሱን ማውጣት 0 ብር ነው። አንዷ ጓደኛዬ በዚህ ብቻ ተገላግላለች፣ ምሳም ጋብዛኛለች።

አሁን ወደ ዋጋው። ዘንድሮ መርካቶና መገናኛ ተመላልሼ የተጠራልኝን ልንገራችሁ። ዶላሩ በ2016 ሐምሌ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በሳምንት ውስጥም ስለሚለዋወጥ፣ ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን ያዙ።

ቲፒ ሊንክ 840፣ ሁለት አንቴና ያለው ትንሹ ነጩ፣ ከ2,800 እስከ 3,300 ተጠራልኝ። ቴንዳ ኤፍ6፣ ባለ አራት አንቴናው፣ 3,400። አርቸር ሲ6 አንድ ሱቅ 9,500፣ ሦስት ሱቅ አልፎ 8,600፣ ሌላ ህንፃ ላይ «መጨረሻው» ተብዬ 7,900። በአንድ ዕቃ ላይ፣ በአንድ ከሰዓት፣ የ1,600 ብር ልዩነት! ከዚያ ደግሞ ያው ሲ6 የሚል ካርቶን 5,200 ተባልኩ። ልቤ አልደነገጠም አልልም። ግን ሌላው ሁሉ 8,000 አካባቢ የሚጠራውን ዕቃ አንድ ሰው ብቻ 5,200 የሚሸጠው ለነፍሱ ብሎ አይደለም። እንዲህ ያለውን ዋጋ አንዴ ከፍዬበታለሁ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ትንሹ ነጩና ባለ አራት አንቴናው ላይ ነው። ሁለቱም ያው 300 ሜጋቢት የሚባሉት ናቸው፣ ሁለቱም የሚሠሩት 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ ነው። የቴንዳው አንቴናዎች እንደኔው ኮፒ የሙጫ አይደሉም፣ እውነተኛ ናቸው። ግን አራት ስለሆኑ ኢንተርኔታችሁ እጥፍ አይሆንም። ከሁለቱ አንዱን የምትገዙ ከሆነ የረከሰውን ውሰዱ። ጭቅጭቅ አያስፈልገውም።

ታዲያ ሲ6 ላይ ይህን ሁሉ ብር የምንጨምረው ለምንድን ነው? ለፍጥነቱ እንዳይመስላችሁ። ጊጋቢት ፖርት፣ ማለትም እስከ 1,000 ሜጋቢት የሚያሳልፍ የኬብል መግቢያ አለው፣ እሺ። ፓኬጃችሁ 10 ወይም 20 ሜጋቢት ከሆነ ግን ጊጋቢቱ ምን ይሠራል? ለኔ ገንዘቡን የሚያወጣው 5 ጊጋኸርዝ ያለው መሆኑ ነው።

ሰሚት አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ስቆጥር የ23 ጎረቤት ዋይፋይ ይታየኛል። ሁሉም ማለት ይቻላል 2.4 ላይ ነው። እዚያ ሞገድ ላይ እርስ በርስ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ሃያ ሦስት ቤት ሦስት መንገድ ላይ ሲጋፋ አስቡት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቪዲዮው የሚዞረው ፓኬጁ አልቆ ወይም ራውተሩ ደክሞ ላይሆን ይችላል። የፎቁ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ላይ ስገባ ግን ያገኘኋቸው አራት ብቻ ናቸው። መንገዱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

እንከኑም አለ። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ አይወድም። ሳሎን ላይ ይበራል፣ ሁለት ግድግዳ ካለፈ በኋላ ይሞታል። መፍትሔዬ ራውተሩን ኮሪደሩ ቁም ሳጥን አናት ላይ መስቀልና ከፋይበሩ ሳጥን 15 ሜትር የኔትወርክ ኬብል መሳብ ነበር። ኬብሉ ከነጫፉ 900 ብር ፈጀ። ፋይበሩን ራሱን ለመሳብ እንዳትሞክሩ፣ ውስጡ መስታወት ነው፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ሲ6ን «አክሰስ ፖይንት» (ዋይፋይ ብቻ ማሰራጨት) በሚለው ላይ ካደረጋችሁት ሌላ ብዙ መነካካት የለበትም።

ግቢ ያለው ቪላ ቤት የምትኖሩ፣ ጎረቤት ዋይፋይ የማይታያችሁ ሰዎች፣ ይህ ክርክር አይመለከታችሁም። 840ውን ገዝታችሁ በተረፈው በግ ግዙበት።

ዋይፋይ 6 የሚሉትን፣ ከሲ6 የሚከተለውን የዋይፋይ ትውልድም ጠይቄያለሁ። አርቸር ኤኤክስ23 ከ13,000 በላይ ተባልኩ። የቤታችን ስልኮች ግማሾቹ ዋይፋይ 6 አያውቁም። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ኮፒ እንዴት ይታወቃል? ካርቶኑን አይታችሁ አትፍረዱ፣ የካርቶን አሠራር አሁን ተክነውበታል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ባለሱቁን አስከፍቼ አሰካዋለሁ። በስልኬ ገብቼ የራውተሩን ገጽ እከፍታለሁ። እዚያ ውስጥ ማክ አድራሻ የሚል፣ የዕቃው የራሱ መለያ የሆነ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር አለ። ዕቃው ሆድ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ማመሳከር ነው። የመጨረሻዋ ቁጥር በአንድ ብትለያይ ችግር የለውም፣ አንድ ዕቃ ከአንድ በላይ ማክ ይኖረዋል። ጭራሽ የማይገናኝ ከሆነ ግን ሂዱ። የኔው ኮፒ ላይ አልገጠመም ነበር። ይባስ ብሎ ከዚያው ሱቅ የገዛው ጓደኛዬ ወረቀቱን ፎቶ ሲልክልኝ የሁለታችን ቁጥር አንድ ነው። መንታ ወልደናል ብለን ሳቅን። ሳቁ 9,800 ብር አስወጥቶናል፣ ለሁለት።

ይህን ላድርግ ስትሉ የሚቆጣ ባለሱቅ ካለ አትከራከሩ፣ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሁለተኛው ምልክት አዳፕተሩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጥገና ቤት ከሚሄደው «የተበላሸ ራውተር» ብዙው ራውተሩ ጤነኛ ነው ያሉኝ ጋሼ ናቸው። የኔው ኮፒ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠፋል። ለወራት አልገባኝም። በመጨረሻ ባለቤቴ ናት የደረሰችበት፦ «ምጣዱን ስሰካ አይደል እንዴ የሚጠፋው?» እውነት ነበር። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። ሲሰካ የቤቱ ቮልቴጅ ይወርዳል። ጥሩ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ምንም አይመስለውም። የኔው ወረቀቱ ላይ ያንኑ ጽፏል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ጋሼ ቴስተር ሲያስገቡበት ባዶውን 9 ቮልት አሳየ። ራውተሩ ላይ ሲሰኩት ወደ 6 ወረደ። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ስከፍት 5 ሆነና መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እንደገና በሩ።

በእጃችሁ መዝኑት። ኮፒ አዳፕተር ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ይቀላል። የቲፒ ሊንክ ከሆነ ሞዴል ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፦ ቲ090060 ማለት 9 ቮልት፣ 0.6 አምፔር ነው። ቲ120100 ደግሞ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር። ሞዴሉ ሌላ፣ ከሥሩ የተጻፈው ሌላ ከሆነ አንዱ ይዋሻል።

ለንጽጽር ያህል፣ እናቴ ቤት ያለው ኦርጅናል 840 በአራተኛ ዓመቱ መነሳት እምቢ አለ። ጋሼ አዳፕተሩን ከፈቱት። አንዷ ካፓሲተር አናቷ አብጧል። በ200 ብር ቀየሯት፣ ይኸው እስካሁን ይሠራል። የኔውን ኮፒ ግን «ምኑን ልጠግነው» ብለው መለሱልኝ። የጥገና ሰው ብር እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም ነበር።

መብራት ለሚጠፋባችሁ ደግሞ፣ ማለትም ለሁላችንም፣ ከውድ ራውተር በፊት ሚኒ ዩፒኤስ ግዙ። ባትሪ ያላት ትንሽ ሳጥን ናት፣ 5፣ 9 እና 12 ቮልት መውጫ ያላት። የኔዋን 3,200 ገዛኋት። ከማዕከሉ እስከ ቤታችሁ ያለው ፋይበር መሃል ላይ መብራት አይፈልግም። ስለዚህ ሳጥኑንና ራውተሩን በባትሪ ካቆያችሁ፣ ሰፈሩ ጨልሞም ኢንተርኔቱ ሊቀጥል ይችላል። ሁለቱን ካገናኘኋት እኔ ጋ ሦስት ሰዓት ግድም ትቆያለች። የ9ኙን ራውተር 12ቱ ላይ እንዳትሰኩት ብቻ፣ ጫፉ ስለሚገባ አትታለሉ።

ውጭ ዘመድ ያላችሁም ትጠይቁኛላችሁ። «ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ ያምጣልኝ?» ሁለት ነገር ይይ። አንደኛ፣ አዳፕተሩ 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ 220 ላይ ይቃጠላል፣ 100-240 የሚል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የቴሌቪዥን ኬብል ዓይነት ክብ መግቢያ ያለውን አያምጣ፣ እዚህ የሚሰካበት የለም። ከዱባይ የሚመጡት ባለ ሲም ራውተሮች ደግሞ ለአንድ ኩባንያ ሲም የተቆለፉ እንዳይሆኑ ይጠየቅ። ከተቆለፈ በነፃም ውድ ነው።

እኔ በመጨረሻ ሲ6ን የገዛሁት በ7,900 ነው። ማኩ ገጥሞልኝ፣ አዳፕተሩን መዝኜ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ፣ ኩራቴ ሌላ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እትዬ ለልጃቸው እንደኔው ሊገዙ ፈልገው አብሬያቸው ሄድኩ። ያው ሱቅ ነው። ባለሱቁ 8,300 አላቸው። እትዬ ካርቶኑን እንኳ አልነኩም፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ዞሩ። ደረጃው ላይ ሳንደርስ ጠራን። 7,400 ከፍለው ወጡ።