አውሮፕላን ወይስ መርከብ? ቶንጋ ላይ የታየው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የደሴቶች አገር ቶንጋ አጠገብ ባሕር ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ሱናሚው አለፈ፤ አመዱ ግን ቀረ። እርዳታው በምን ይሂድ?

በፍጥነት ከሆነ አውሮፕላንን የሚያህል የለም። ሄርኩለስ የሚባለው ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን ከኒውዚላንድ በሰዓታት ይደርሳል። ግን የት ይረፍ? የፉአሞቱ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ አመድ ለብሷል። ሰዎች አካፋና የእጅ ጋሪ ይዘው ለቀናት ጠረጉት። የኒውዚላንዱ ሄርኩለስና የአውስትራሊያው ትልቅ የጭነት አውሮፕላን ሲ-17 ያረፉት ጃንዋሪ 20 ነው። አምስት ቀን! ያውም ኮቪድ እንዳይገባ ተብሎ ዕቃው ያለ ንክኪ ነው የተራገፈው።

መርከብ ቀርፋፋ ናት፤ መንደርደሪያ ግን አትለምንም። የኒውዚላንድ ባሕር ኃይል መርከብ «አኦቴአሮአ» ጃንዋሪ 21 ስትደርስ 250,000 ሊትር ውሃ ይዛ ነበር። በዚያ ላይ የባሕር ውሃ አጣርታ በቀን እስከ 70,000 ሊትር የሚጠጣ ታወጣለች። ሄርኩለስ ቢጭን ቢጭን 20 ቶን ገደማ ነው፤ ያንን 250,000 ሊትር ለማድረስ ከ12 በላይ ምልልስ ያስፈልገዋል።

እኔን ብትጠይቁኝ ጄኔሬተሩና የመገናኛ መሣሪያው በአየር፣ ውሃው በባሕር ይሂድ። ቤቱ ሁሉ የወደመባት ትንሿ የማንጎ ደሴት ደግሞ ጭራሽ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። እዚያ ያለው አማራጭ ጀልባ ወይ ሄሊኮፕተር ነው።